የታሸገው ካሜራ

ካሜራውን ከፎቶ አንሺው አንገት ላይ ያወጣችው የወደዳት ልጅ ራሷ ናት። ማክሰኞ ጠዋት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እናቱ እያየች። ፎቶ አንሺው ይህን ነገር አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲያላምጠው ከረመ፤ ባላመጠው ቁጥር ይመረዋል እንጂ አልዋጥለት አለ።

ነገሩ የሆነው አሮጌው ገበያ ሊፈርስ ጥቂት ሰዓት በቀረው ጠዋት ነው። እናቱ በዚያ ገበያ ውስጥ የልብስ ቁልፍ፣ ክርና ዚፕ ስትሸጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም። ሱቋ፣ ሱቅ ለማለት ያህል ነው እንጂ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። እሱን ያሳደገችውና ለቁም ነገር ያበቃችው ግን ከዚያችው ጠባብ ሱቅ ነው። ልጇ ፎቶ አንሺ ሆኖ ሳለ እሷ ሱቋ ውስጥ ሆና የተነሳችው አንድም ፎቶ አልነበራትም። ካሜራውን ባነሳ ቁጥር "ፀጉሬን ሳልሠራ?"፣ "በዚህ ቀሚስ?" እያለች ፊቷን ታዞራለች። ያን ቀን ግን ማለዳ ተነስታ፣ ተጣጥባ፣ ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ "በል ዛሬስ አንሳኝ፤ ነገ ሱቅም የለኝ" አለችው።

እሱም አነሳ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ዓይኑን ከካሜራው ሳይነቅል አነሳ። እናቱን አነሳ፤ ጎረቤቷን ሳሙና ሻጯን አነሳ፤ የተነቀሉ በሮችን፣ ዕቃቸውን የተሸከሙ ነጋዴዎችን፣ በመጨረሻም መንገድ ዳር ቆሞ ተራውን የሚጠብቀውን ቡልዶዘር አነሳ። ጣጣው የመጣው በቡልዶዘሩ ነው። የአፍራሹ ድርጅት ዘበኛ "ማን ፈቀደልህ?" አለ፤ አንድ ሁለት ተባባሉ፤ ፖሊስ ተጠራ።

የመጡት ሦስት ናቸው። ፊት ፊት የሚሄደው ፊቱን ያጨፈገገ ኢንስፔክተር ነው፤ ከኋላው አንድ ወጣት ፖሊስ፣ ከወጣቱ ጎን ደግሞ ሳጅኗ። ፎቶ አንሺው ሳጅኗን ሲያይ ደስ አለው። የምትደርስልኝ መጣች አለ በሆዱ።

ለምን ደስ እንዳለው ለማወቅ ስምንት ወር ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ያኔ ልጅቷ ሳጅን ልትሆን ጥቂት ቀን ቀርቷት ነበር። ለአዲሱ ማዕረጓ መታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ስቱዲዮው ገባች። በመታወቂያ ፎቶ ላይ ጥርስ ማሳየት አይፈቀድምና "አይሳቁ" አላት፤ ሳቀች። "ትንሽ ኮስተር ይበሉ" አላት፤ ባሰባት። አሥራ አራት ጊዜ አንስቷት በአሥራ አራቱም ሳቀች፤ በአሥራ አምስተኛው ሁለቱም ደክሟቸው ፎቶው ደህና ወጣ። በማግስቱ ልትወስደው ስትመጣ ሻይ ጋበዛት። ከዚያ ወዲህ በከተማው መናፈሻ ውስጥ ያለች አንዲት አግዳሚ ወንበር የእነሱ ሆነች።

ለእናቱ ስለ ልጅቷ ነግሯታል። የት ትሠራለች ስትለው ግን "የመንግሥት መሥሪያ ቤት" ብሎ አለፈው። ውሸት አይደለም፤ ሆኖም ሲናገረው ጆሮው ይግል ነበር። የደበቀው በከንቱ አይደለም። እናቱ ሱቅ ከማግኘቷ በፊት ቁልፍ የምትሸጠው የእግረኛ መንገድ ላይ ጨርቅ ዘርግታ ነው። ዩኒፎርም ብቅ ሲል ጨርቋን ጠቅልላ እግሬ አውጪኝ ትላለች። አንድ ቀን ሳታመልጥ ቀረች። ፖሊሱ የቁልፍ ሳጥኗን በጫማው ጠለዘው፤ ቁልፉ ሁሉ ጭቃ ላይ ተበተነ። ያኔ ልጇ አምስት ዓመቱ ነበር፤ አብሯት ተንበርክኮ ለቅሟል። ከዚያን ቀን ወዲህ በቤታቸው የፖሊስ ስም በደህና አይነሳም። እንግዲህ ለዚህች ሴት "የወደድኳት ልጅ ፖሊስ ናት" ብሎ መንገር የየትኛው ጀግና ሥራ ነው? ፎቶ አንሺው ዛሬ ነገ እያለ ስምንት ወር ሞላው።

ወደ ገበያው እንመለስ። ኢንስፔክተሩ ካሜራውን እንዳየ "ያነሳኸውን አጥፋና መንገድህን ቀጥል" አለ። ፎቶ አንሺው አልሮጠም፤ አልተሳደበም። መታወቂያውን አውጥቶ ሰጠ። ከዚያ የሙያ ማኅበሩ ለአባላቱ ያደላትን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋት። በሕዝብ መንገድ ላይ ቆሞ ለሁሉም የሚታየውን ነገር ማንሳት ወንጀል እንዳልሆነ፣ ፖሊስ መታወቂያ መጠየቅ እንደሚችል፣ ፎቶ አጥፋ ብሎ ማዘዝ ግን እንደማይችል ረጋ ብሎ አነበበ። አነባበቡስ ጥሩ ነበር፤ የሚሰማው አጣ እንጂ።

"ጨረስክ?" አለው ኢንስፔክተሩ። "ወይ እዚሁ ፊቴ ታጠፋለህ፣ ወይ ጣቢያ ታድራለህ። ምረጥ።"

ይኼኔ እናቱ ከሱቋ ወጥታ በመካከላቸው ገባች። እንባዋ ይወርዳል። ኢንስፔክተሩን ቀና ብላ አላየችውም፤ ጫማ ጫማውን እያየች ነው የምትለምነው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች።

"አጥፋው የኔ ልጅ። ፎቶው ገደል ይግባ፤ አንተ ብቻ ቤትህ ግባልኝ" አለችው።

እናት እያለቀሰች ሕግ አይነበብም። ወረቀቷን ኪሱ መለሰና አውራ ጣቱን የካሜራው ማጥፊያ ላይ አሳረፈ። ከመጫኑ በፊት ወደ ሳጅኗ ቀና አለ። ከዓይኗ አንድ ነገር ፈለገ፤ አይዞህ የምትል ነገር። ያገኘው ግን የሥራ ፊት ነው።

"አይጥፋ ጌታዬ" አለች ሳጅኗ ለኢንስፔክተሩ። "ጥፋት አለ ከተባለ ማስረጃው እሱ ነው። በኤግዚቢት ይመዝገብ።"

ኢንስፔክተሩ ከራሱ የባሰ ጨካኝ ያገኘ መስሎት ፈገግ አለ። ሳጅኗ ወደ ፎቶ አንሺው ቀረበችና የካሜራውን ማሰሪያ ከአንገቱ አውጥታ ወሰደችው። ከዚያ ቅጽና እስክሪብቶ አወጣች። ስምንት ወር ሙሉ ስሙን አቆላምጣ ስትጠራው የኖረች ልጅ፣ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ "ስምዎ ማን ነው?" አለችው።

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ነገራት፤ ጻፈች። ካሜራው ውስጥ ስንት ፎቶ እንዳለ ጠየቀችው፤ "እኔ ምን አውቄ" አላት። ራሷ አይታ ጻፈች። ካሜራውን በካኪ ከረጢት ከትታ አፉን አሸገች፤ በማሸጊያው ላይ ወጣቱ ፖሊስ ፈረመ፤ ሳሙና ሻጯ በምስክርነት ፈረመች። ለእሱም እስክሪብቶውን አቀበለችው። በንዴት ሲጫነው ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረው። የሰጠችውንም ደረሰኝ ሳያነብ ጨምድዶ ኪሱ ከተተ።

ሳሙና ሻጯ ፈርማ ስትመለስ ወደ እናቱ ጆሮ ጠጋ ብላ ሹክ አለቻት። መናፈሻው ውስጥ ከልጅሽ ጋር የማያት ልጅ እኮ ይቺ ናት ማለቷ ነው። እናቱ ልጇን አየችው። ብትሰድበው በተሻለው ነበር፤ የእሱን ዕፍረት ራሷ ተሸክማ አንገቷን ደፋች።

* * *

የዚያኑ ቀን፣ ካሜራው ተይዞ እሱ ተለቆ ቤት እንደገቡ እናቱ የተናገረችው ነገር አጭር ነው። ሠላሳ ዓመት የሸሸሁትን ልብስ ይዘህልኝ ልትመጣ ነበር ወይ አለችው። ስለዋሸኸኝ አልቀየምህም፤ ግን እኔ እያለሁ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ከዚህ በር አይገባም አለች። አልጮኸችም። ከገበያው ያወጣችውን የቁልፍ ሳጥን አልጋ ሥር ገፍታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እሱም ለመከራከር አቅም አልነበረውም፤ ምክንያቱም በልቡ ከእናቱ ጋር ተስማምቷል። በማግስቱ ለሳጅኗ ደብዳቤ ጻፈ። መልካም ደብዳቤ አልነበረም። "እንደ ሌባ ስሜን ጠየቅሽኝ" ብሎ ጀመረ። የእናቱን የቁልፍ ሳጥን ታሪክ ነገራት፤ እናቱ ያለችውንም ነገራት፤ "እኔም አንቺ ከእነሱ ትለያለሽ ብዬ ስሟገትልሽ ልኖር ነበር፤ ጥሩነቱ ሳልጀምር ገላገልሽኝ" ብሎ ጨረሰ። ደብዳቤውን በጣቢያው በር ለቆመው ዘብ ሰጠላት።

መልስ አልመጣም። አንድ ሳምንት ጠበቀ። ቀኑ በገፋ ቁጥር ንዴቱ እየቀለለ ናፍቆቱ እየከበደ መጣ። ስቱዲዮው ውስጥ በተዋሰው ካሜራ ሰው ያነሳል፤ ደንበኞቹን "ኮስተር ይበሉ" ሲል ድምፁ ይሰበራል። ገበያው ፈርሶ ሜዳ ሆኗል። ከእናቱ ሠላሳ ዓመት የቀረ ነገር ቢኖር በዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ብቻ ነው፤ እሱንም ኢንስፔክተሩ እስካሁን አጥፍቶት ይሆናል እያለ ራሱን ያበግናል። ፎቶውንም ልጅቷንም በአንድ ጠዋት ያጣ ሰው እንደሆነ አመነ፤ ይህን ማመኑ አንጀቱን በላው።

* * *

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ዐቃቤ ሕግ ፋይሉን አይቶ በመንገድ ላይ ፎቶ ማንሳት ወንጀል አይደለም ብሎ ዘግቶታልና ንብረትህን ውሰድ ተባለ።

የኤግዚቢት ክፍሉ ከጣቢያው ጀርባ፣ መስኮቷ የብረት ፍርግርግ ያለባት ክፍል ናት። ኃላፊው መነጽራቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ጡረታ የደረሱ ሽማግሌ ናቸው። ከረጢቱን ከመደርደሪያ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ማሸጊያው ላይ ያለው ፊርማ የእሱ መሆኑን እንዲያይ አዘዙት። አየ። የእሱው ነው፤ በንዴት ወረቀቱን ሊቀድ የደረሰው ፊርማ። ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ነው መቀሱን ያነሱት።

"ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ ይላል ቅጹ" አሉት። "ቁጠርና ተረከብ።"

ካሜራውን ከፈተው። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። አንድም አልጎደለም። መጀመሪያ ላይ አላመነም፤ ደግሞ አየው። እናቱ አለች፤ ሳሙና ሻጯ አለች፤ ቡልዶዘሩም እንደቆመ ነው። ሳያስፈቅድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ሽማግሌው ሳይጠየቁ የሚያወሩ ሰው ናቸው። ኢንስፔክተሩ ካሜራውን "ለአፍታ ልየው" እያለ ሁለት ጊዜ መጥቶ እንደነበር ነገሩት። ከታሸገ፣ ቁጥሩ ከተጻፈና ባለንብረቱ ከፈረመበት ዕቃ ላይ እጅ የሚያሳርፍ ሰው ግን ለፍርድ ቤት መልስ መስጠት አለበት፤ እሳቸውም ይህንኑ ነግረው መለሱት። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ክፍል ስሠራ የፎቶዎቹን ብዛት ቆጥሮ ቅጽ ላይ የጻፈ ፖሊስ ይህን የመጀመሪያ አየሁ አሉት። "አጥፋ የሚባሉት ሰዎች አጥፍተው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ማን ምን ያገኛል? አንተን ያዳነችህ ይቺ ቅጽ ናት።" ቅጹን ገፋ አደረጉለት፤ አነበበው።

ከዚያ ከመሳቢያቸው አንድ ፖስታ አወጡ። ፋይሉ ሲዘጋ ስጡልኝ ብላ አደራ ሰጥታኛለች አሉት። ፎቶ አንሺው እዚያው በተቀመጠበት ቀደደው። የሳጅኗ ጽሕፈት ነው፤

"ስምህን የጠየቅኩህ ጠፍቶብኝ አይደለም። ያን ጊዜ የማውቅህ መስዬ ብታይ ኖሮ ለወዳጇ ብላ ነው ተብሎ ቅጹ ይቀደድ ነበር። አውራ ጣትህን አየሁት። ስለ እናትህ ብለህ የእናትህን ፎቶ ልታጠፋ ነበር። የማቆምበት ሌላ መንገድ አላወቅኩም፤ አጥፋ ያለህን አለቃ አታስጠፋው ማለት አልችልም፤ መዝግቢ ያለኝን ሕግ ግን መዝግቤ ማክበር እችላለሁ።

"በዚያኑ ቀን ስላንተና ስለ እኔ ለጣቢያው አዛዥ ራሴ በጽሑፍ አሳውቄ ከጉዳዩ ወጣሁ። ተግሣጽ ተጽፎብኛል፤ ከቅኝትም ወደ እንግዳ መቀበያ አዛውረውኛል። አልከፋኝም። ደብዳቤህን ያልመለስኩት ፋይሉ ሳይዘጋ አንድ ቃል ብጽፍልህ ያንተኑ ካሜራ ስለምጎዳ ነው። 'እንደ ሌባ' ያልካትን ቃል ግን ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት እኔ ነኝ የማውቀው።

"እናትህ እውነታቸውን ነው። ቁልፋቸውን የበተነው ሰው የለበሰውን ልብስ ነው የምለብሰው። እኔ ብሆን እኔንም በሬ ላይ አላቆምም። ፎቶዎቹን ብቻ ስጥልኝ፤ ከእኔ ነው አትበላቸው።"

ደብዳቤውን ጨርሶ አጠፈው። የመብቱን ወረቀት በኪሱ ይዞ የሚዞር ሰው፣ መብቱን ያስከበረችለትን ቅጽ ሳያነብ ፈርሞ፣ ያስከበረችለትን ልጅ ሰደባት። ዕፍረቱ ከባድ ነበር። ከዕፍረቱ የበለጠው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ዓይኑን በእንባ የሞላ ምስጋና። ሽማግሌው አይተው እንዳላዩ ሆነው መነጽራቸውን ይጠርጉ ጀመር።

* * *

በቀጥታ ወደ እሷ ሊሄድ ፈልጎ ነበር። እግሩ ግን መጀመሪያ ወደ ስቱዲዮው፣ ከስቱዲዮው ወደ ቤት ወሰደው። አንዷን ፎቶ በትልቁ አትሞ እናቱ ጭን ላይ አስቀመጠላት።

ፎቶው ላይ እናቱ ካሜራውን አታይም። የአንድ ደንበኛ ጃኬት ላይ ዚፕ እየለካች ነው፤ ደንበኛው የሆነ ነገር ብሏት ከት ብላ ስቃለች። ከኋላዋ የቁልፍ ብልቃጦቿ እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባ የጠዋት ብርሃን ትከሻዋ ላይ አርፏል።

እናቱ ለረጅም ጊዜ አየችው። በጣቷ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ነካቻቸው።

"እኔ እንዲህ እስቃለሁ?" አለች።

"ሁልጊዜ" አላት።

ከዚያ ደብዳቤውን አነበበላት። ከእኔ ነው አትበላቸው ብትልም ይህን አደራ ሊጠብቅላት አልቻለም። የቁልፉ ነገር ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እናቱ "ቀጥል" አለችው። ሲጨርስ ቀና ብሎ አያት። ዓይኗ ሞልቷል።

"እኔ ነኝ እኮ አጥፋው ያልኩህ" አለች። "ገደል ይግባ ያልኩት እኔ ነኝ። እኔ የጣልኩትን ነው ያቺ ልጅ ያነሳችልኝ።"

ተነሳች። ያን ጠዋት የለበሰችውን ደህናውን ቀሚሷን አውጥታ ለበሰችና "ውሰደኝ" አለችው። የት ብሎ አልጠየቃትም፤ በሩን ከፈተላት።

* * *

የጣቢያው በር ላይ ሲደርሱ እናቱ ቆመች። በሕይወቷ በራሷ እግር ወደዚህ ዓይነት ቦታ ሄዳ አታውቅም፤ ሰውነቷ ሽሺ ሽሺ ይላታል። ልጇ ክንዷን ሊይዝ ሲል "ተወኝ፣ ራሴ ልግባ" ብላ ገፋችው። ገባች።

ሳጅኗ እንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ኋላ ባርኔጣዋን እንደደፋች ተቀምጣ ነበር። መጀመሪያ ሴትዮዋን አየች፤ ቀጥላ ከኋላዋ የቆመውን አየች፤ ብድግ አለች። ፊቷ እንደዚያ ማክሰኞ ሊኮሳተር ሞከረና አቃተው።

"ምን ልታዘዝ እናቴ?" አለች። "አቤቱታ አለዎት?"

"አቤቱታ የለኝም" አለች እናቱ። "ላመሰግን ነው የመጣሁት።"

የሳጅኗ እጅ እስክሪብቶ ፈለገ፤ የሚጻፍ ነገር አልነበረም። ፎቶ አንሺው በመንገድ ላይ ያሰበው የይቅርታ ቃል ብዙ ነው፤ ሁሉም ትቶት ሄደና "ቅጹን ዛሬ አነበብኩት" ብቻ አለ። ሳጅኗ ራሷን ነቀነቀች።

እናቱ ጠረጴዛውን ዞራ ቀረበች። "ባርኔጣሽን አውልቂው እስቲ" አለቻት። "ሠላሳ ዓመት ሙሉ ፖሊስ ሲመጣ የማየው ጫማውን ነው። ፊት አይቼ አላውቅም። ያንቺን ልየው።"

ሳጅኗ ባርኔጣዋን አወለቀች። እናቱ በሁለት እጇ ጉንጮቿን ይዛ አየቻት። ግንባሯን አየች፣ ዓይኗን አየች፤ የምትወደውን ክር ከብዙ ክር መካከል የምትመርጥ ይመስል ሳትቸኩል አየቻት። የልጅቷ እንባ በእናቱ ጣቶች መካከል ወረደ፤ እናቱ በአውራ ጣቷ ጠረገችላት።

"ዓይንሽ የልጅ ነው" አለች። "እግዜር ይስጥሽ ልጄ። እሑድ ቤት ነይ። አብረን ምሳ እንበላለን።"

"እመጣለሁ" አለች ሳጅኗ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች። ከዚያ ዩኒፎርሟን ዝቅ ብላ አየችና ፈጥና ጨመረች፤ "በሲቪል ልብስ እመጣለሁ። አያስቡ።"

እናቱ አሰበች።

"አይሆንም" አለች እናቱ። "በዚሁ ነይ። ሰፈሩ ሁሉ ይይልኝ።"

ሳጅኗ ሳቀች፤ እያለቀሰች ሳቀች። ፎቶ አንሺው ሁለቱን ሴቶች አጠገብ ላጠገብ ቆመው ሲያይ ማንን አስቀድሞ እንደሚያመሰግን አላወቀም።